በሐምሌ የሚሠራ ቡድን

በአርባ ምንጭ የኳስ ወሬ የሚደምቀው ጨዋታ በሌለበት ወር ነው። ሊጉ ተጠናቆ ሐምሌ ሲገባ፣ ሲቀላም ሆነ ሸቻ ሰፈር ቡና አዝዞ የተቀመጠ ደጋፊ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። ማን ውሉን አራዘመ? ማን መልቀቂያውን ወሰደ? ያ የመስመር አጥቂ ለሌላ ክለብ ሊፈርም ነው የሚባለው እውነት ነው ወይስ የደላላ ወሬ? ቆየት ብሎ የፈራሚዎች ፎቶ መውጣት ይጀምራል፤ ማሊያ ይዞ ከክለቡ ኃላፊ ጎን የቆመ ወጣት። ደጋፊው ስሙን አይቶ ወይ ደስ ይለዋል ወይ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ፎቶ ይጠብቃል።

እንዲህ ፎቶ በፎቶ ስናየው ሥራው ያመልጠናል። ስብስብ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአገራችን እግር ኳስ ውስጥ የዚህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ፣ የዚህን ያህልም ምስጋና የሚነፈገው ሙያ ያለ አይመስለኝም። ግብ ያገባ ይጨበጨብለታል፤ ያዳነ ግብ ጠባቂ ይታቀፋል። ክረምት ላይ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ አማካዮች ቀርበውለት አንዱን የመረጠው ሰው ግን ምርጫው መጋቢት ላይ ፍሬ ሲያፈራ የሚያስታውሰው የለም። ልጁ «ጎበዝ» ይባላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ ላወድሰው የፈለግሁት ያንን የመረጠውን እጅ ነው። ምሳሌዬም አዞዎቹ ናቸው፤ አርባ ምንጭ ከተማ።

ገበያው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ቤልጅጋዊው ዣን ማርክ ቦስማን የቀድሞ ክለቡ አልለቅህም ብሎት ዓመታት ከተከራከረ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ከዚያ ወዲህ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። ያም ሆኖ በአውሮፓ ትልልቅ ሊጎች ስብስብ የሚገነባው በአብዛኛው ውል ያለውን ተጫዋች ከፍሎ በመግዛት ነው። በእኛ ሊግ ነገሩ ተገልብጧል። ውሎቻችን በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ናቸው። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር የሊጉ ሰፊ ክፍል ነፃ ተጫዋች ይሆናል። ግብ ጠባቂው፣ አምበሉ፣ አምና ግብ ያዘነበው አጥቂ፣ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ገበያ ላይ ይወጣሉ። ከእግር ኳስ ገበያ ይልቅ የአሜሪካንን የቅርጫት ኳስ ክረምት ይመስላል፤ እዚያም ሐምሌ ሲገባ ቡድኖች ውላቸውን የጨረሱ ተጫዋቾችን ዝርዝር ዘርግተው ማን ለየትኛው ቦታ እንደሚስማማ ያሰላሉ።

እንዲህ ያለ ገበያ ለአነስተኛ ክለብ ዕድልም ፈተናም ነው። ለተጫዋቹ የቀድሞ ክለብ የሚከፈል የዝውውር ዋጋ ስለሌለ ማንኛውም ክለብ ማንኛውንም ተጫዋች ማነጋገር ይችላል። በአንጻሩ ማንኛውም ክለብ ያንተን ማነጋገር ይችላል። ዛሬ ያገኘኸው ነገ በር ላይ ቆሞ መልቀቂያ ይጠይቅሃል።

አርባ ምንጭ ይህን ጨዋታ ከልጅነቱ ያውቀዋል። የአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። አርባ ምንጭ ከተማ በበኩሉ በ2004 የውድድር ዘመን ሊጉን ተቀላቀለ፣ እስከ 2010 ቆይቶ ወረደ፣ በ2014 ተመለሰ፣ በ2015 መጨረሻ ዳግም ወረደ፣ በ2017 እንደገና መጣ። እነዚህ ዓመታት ለደጋፊው የደስታና የሐዘን ዝርዝር ናቸው። ለስብስብ ሠሪው ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ሥራ ናቸው። ሊጉ ውስጥ ሰባት ዓመት መቆየት ሽማግሌን በወጣት እየተኩ መሄድን ይጠይቃል። መውረድ ማለት ደመወዙ የከበደ ስብስብ በአንድ ክረምት ተበትኖ ከሁለተኛው እርከን፣ ከከፍተኛ ሊግ፣ ትግል ጋር የሚስማማ ሌላ ስብስብ ማቆም ነው። መመለስ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ያሳደጉህን ልጆች ፊት ለፊት አስቀምጠህ ማን ከአንተ ጋር ወደ ላይ እንደሚወጣ መወሰን አለብህ።

የዚህን ውሳኔ ክብደት ለማየት ሁለት ዓመት ብቻ እንውሰድ። በ2015 የውድድር ዘመን ሦስት ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደጉ፦ ኢትዮጵያ መድን፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ለገጣፎ ለገዳዲ። ኤሌክትሪክና ለገጣፎ በዚያው ዓመት ተመለሱ። በ2016 ሌሎች ሦስት መጡ፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ ወረዱ፤ ንግድ ባንክ በአሰልጣኝ በጸሎት ልዑልሰገድ እየተመራ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ። መድንም ቀስ ብሎ በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። ከስድስቱ አዳጊዎች አራቱ በመጡበት ዓመት ሲወርዱ ሁለቱ ሻምፒዮን ሆኑ ማለት ነው። መካከለኛ ቦታ ይዞ የቀረ የለም።

«ባንክና ኢንሹራንስ ገንዘብ አላቸው» ማለት ይቀላል፤ ሐሰትም አይደለም። ግን ኤሌክትሪክም የመሥሪያ ቤት ቡድን ነው፤ የማዘጋጃ ቤት በጀት የሚጠብቅ ክለብ አይደለም። እሱም ወርዷል። ገንዘብ በር ይከፍታል፤ በተከፈተው በር ማን እንደሚገባ የሚወስነው ግን ሌላ ችሎታ ነው። ያንን ችሎታ ቀረብ ብለን እንየው።

ሥራው የሚጀምረው ከአዲስ ፈራሚ አይደለም። ጎበዝ ስብስብ ሠሪ የመጀመሪያውን ፊርማ የሚያስፈርመው ነባሩን ነው። ደጋፊ ውል ማራዘምን እንደ ዜና አይቆጥረውም፤ «እሱማ የኛው ነው» ይላል። ግን ነባር ተጫዋች ማለት ያለቀ ሥራ ነው። የመሀል ተከላካዩ ግብ ጠባቂው መቼ ከግቡ እንደሚወጣ ያውቃል፤ የቀኝ መስመር ተከላካዩ የፊቱ ሰው ወደ ውስጥ ሲገባ ቦታውን ሊሸፍን እንደማይመለስለት ያውቃል። ይህን መተዋወቅ አንድ ላይ ቆይቶ እንጂ በደመወዝ አታገኘውም። አስራ አንዱንም አዲስ ያደረገ ክለብ ጥቅምትና ኅዳርን መተዋወቂያ ያደርጋቸዋል፤ በሊግ ውስጥ ደግሞ የመተዋወቂያ ነጥብ የሚሰጥ የለም።

በአንጻሩ ሁሉንም ነባር ይዞ መቀጠልም ስንፍና ነው። በከፍተኛ ሊግ ኳስ ሲቀበል ለመዞር ጊዜ የነበረው አማካይ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ያቺን ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ስብስብ ሠሪው ነባሮቹን ለሦስት ይከፍላቸዋል። ከቦታቸው የማይነኩ አሉ። ቦታቸውን በፉክክር የሚጠብቁ አሉ። በምስጋና የሚሸኙም አሉ። የመጨረሻዎቹን መሸኘት ትልቁ ፈተና ነው፤ ልጁ የከተማው ሰው ነው፣ አባቱን ታውቀዋለህ፣ ባለፈው ሰኔ ግብ አግብቶ በትከሻ ተሸክመኸዋል። እዚህ ጋ ርኅራኄው ያሸነፈው ሰው በጥር ይቆጨዋል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጣ ዶርዜ ላይ የሚታየውን ቤት ሁሉም ያውቀዋል። በቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ቅጠል ይሸፈናል፤ ቁመቱም ለአንድ ቤተሰብ ከሚያስፈልገው በእጅጉ ይበልጣል። ሠሪው ምስጥ ከሥሩ እንደሚበላው አስቀድሞ ያውቃል። የተበላው ግርጌ እየተቆረጠ ቤቱ እያጠረ ለአስርት ዓመታት ያገለግላል። ከላይ የተጨመረው ቁመት ለሚጠፋው የተያዘ ነው። የአነስተኛ ክለብ ስብስብም እንዲሁ መሠራት አለበት። ምርጥ ተጫዋችህ በሚቀጥለው ክረምት ወደ አዲስ አበባ ክለብ እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ተተኪው ዛሬ ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት። አምናውኑ የተተኪውን ተተኪ ያሰበ ክለብ ክረምት ሲመጣ አይደነግጥም።

ነባሩ ከተለየ በኋላ ገበያው ይመጣል። እዚህ ጋ ቅደም ተከተል ራሱ ጥበብ ነው። ገበያችን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በአገር ውስጥ ፈጣን የመስመር ተጫዋችና ኳስ የሚወድ አማካይ በብዛት ይገኛል። ብርቅ የሚሆኑት ረጅምና በአየር ላይ የበላይ የሆነ የመሀል ተከላካይ፣ ተረጋግቶ የሚጨርስ አጥቂ፣ አስተማማኝ ግብ ጠባቂ ናቸው። ክለቦቻችን ለዓመታት የውጭ አገር ተጫዋች ሲያመጡ በአብዛኛው ለእነዚህ ሦስት ቦታዎች መሆኑ የገበያውን ክፍተት ያሳያል። አዋቂ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ብርቁን ያስፈርማል፤ ብዙ ያለበትን ቦታ ለመጨረሻ ይተወዋል፤ ያኔ ዋጋውም ረክሶ ይጠብቀዋል። ችኩሉ ተቃራኒውን ያደርጋል። ደጋፊ የሚወደውን የመስመር አጥቂ በሐምሌ መጀመሪያ በትልቅ ዋጋ ወስዶ፣ መስከረም ላይ ገበያ የጣለውን ተከላካይ ሲለማመጥ ይገኛል።

አሁን አንድ ምርጫ ብቻ ቀርበን እንይ። የሙከራ ጨዋታ ነው እንበል። የተከላካይ አማካይ ቦታ ላይ ሁለት ልጆች አሉ፤ ሁለቱም ውላቸውን ጨርሰው የመጡ፣ ዕድሜያቸውም ተቀራራቢ። የመጀመሪያው ኳስ ሲያገኝ ሰው ያጨበጭባል። ረጅም ኳስ ከግራ ወደ ቀኝ ይቀይራል፤ አንዱን አልፎ ይሰጣል። ሁለተኛውን ለማስተዋል ግን ኳሱን ትቶ እሱን ብቻ ማየት ያስፈልጋል። ኳስ ወደ እሱ ከመምጣቱ በፊት አንገቱን ሁለት ጊዜ ያዞራል፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ኋላ። የግራ መስመር ተከላካዩ ወደ ፊት ሲሮጥ ይህ ልጅ ማንም ሳይነግረው ወደተተወው ቦታ ሦስት ርምጃ ይጠጋል። ጓደኛው ኳስ ሲቀማ አያማርርም፤ ወዲያው ወደ ተቀማበት አቅጣጫ ዞሮ የተቃራኒን የመጀመሪያ ኳስ መንገድ ይዘጋል። ኳሱን ሳይነካ ጥቃቱ ወደ ጎን ይሄዳል። ማንም አላጨበጨበም፤ ግን ሊገባ ይችል የነበረ ግብ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው «እንግዲያው ሁለተኛውን እንውሰድ» ይላል። ሙያው የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። እውነተኛው ስብስብ ሠሪ አሁን ዓይኑን ከሁለቱ ልጆች አንስቶ ሌሎቹን አስር ይመለከታል። የመሀል ተከላካዮቹ ዘገምተኞች ከሆኑና የመስመር ተከላካዮቹ ወደ ፊት የሚወጡ ከሆኑ ሁለተኛው ልጅ ወርቅ ነው፤ የነሱን ክፍተት በእግሩ ይሸፍናል። ተከላካዮቹ ፈጣኖች፣ የመስመር ተከላካዮቹም ከቦታቸው የማይነቃነቁ ከሆኑ ግን ቡድኑ መሀል ላይ ሌላ ጠባቂ አያሻውም፤ የሚጎድለው ኳስ አውጪ ነው። ያኔ ትክክለኛው ምርጫ የተጨበጨበለት ልጅ ይሆናል። ተጫዋች ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ዋጋውን የሚሰጡት አጠገቡ የሚሰለፉት ናቸው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ የሚፈልግ አንባቢ ይህን ይያዝ።

ገንዘቡም ከዚህ ሚዛን ውጪ አይቆምም። በነሐሴ 2011 ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። በዚያ ጣሪያ ሒሳቡን እንሥራው። 25 ተጫዋች ያለው ክለብ ለሁሉም ጣሪያውን ቢከፍል በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ የጉዞ፣ የሆቴልና የሕክምና ወጪ ሳይቆጠር ነው። ለአነስተኛ ከተማ ክለብ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ከሃያ አምስቱ ስንቱ ጣሪያው ላይ፣ ስንቱ መሀል፣ ስንቱ ግርጌ ላይ እንደሚሆን መወሰን ግድ ነው። ሁለት ተጫዋች ጣሪያው ላይ ብታወጣ አራት ልጆችን ከታችኛው ረድፍ ማምጣት ይኖርብሃል። የደመወዝ ዝርዝሩን ብቻ አይቶ ክለቡ በየትኛው ቦታ ላይ እንደሚተማመን መናገር ይቻላል፤ ከአሰልጣኙ መግለጫ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው።

ጣሪያ ሲኖር ሌላም ነገር ይለወጣል። ሁሉም ክለብ እኩል ማቅረብ ከቻለ ተጫዋቹ በሌላ ነገር ይመርጣል። ቋሚ ተሰላፊ እሆናለሁ? አሰልጣኙ ያውቀኛል? ደመወዜ በወሩ ይገባል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰል። ለወራት ያልተከፈለ ደመወዝ በሊጋችን የቆየ ቅሬታ ነው፤ በዚህ የተቃጠለ ተጫዋች ከትልቅ ተስፋ ይልቅ ትንሽ ግን የማይዘገይ ክፍያን ይመርጣል። በጀቱ ያነሰ ክለብ ከባለጸጋው ጋር እኩል ሊወዳደርበት የሚችለው አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ ቃሉን በመጠበቅ። ሁለተኛው የጨዋታ ሰዓት ነው። በትልቅ ክለብ ወንበር ያሞቀ የ24 ዓመት አጥቂ ሠላሳ ጨዋታ የሚያሰልፈው ክለብ ይፈልጋል። ያንን አጥቂ ከሌሎች ቀድሞ መገመትና በትክክለኛው ሳምንት ስልክ መደወል ከችሎታ ይቆጠራል።

ከ2013 ወዲህ ደግሞ አዲስ ሚዛን መጥቷል። የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መጫወት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። በድሮው ሥርዓት የአርባ ምንጭ ስብስብ ሠሪ አንድ የማይጻፍ ተጫዋች ነበረው፤ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ቆላ ሙቀት። ከደጋ የመጣ እንግዳ ቡድን ከዕረፍት በኋላ እግሩ ሲከብድ ባለሜዳው ይሮጥ ነበር። ያ ተጫዋች አሁን ከስብስቡ ወጥቷል። ቡድኑ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋም፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባም እኩል መሮጥ አለበት። አርባ ምንጭ ራሷ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በመኪና ብዙ አትርቅም። ለዝግጅት ጊዜ ይህን ያህል ልዩነት በአንድ ዞን ውስጥ ማግኘት ጥቂት ክለብ ያለው ሀብት ነው።

ከእግሩ በላይ ግን ጠባዩ ይመዘናል። ተጫዋቾች ለሳምንታት ሆቴል ውስጥ አንድ ላይ ይኖራሉ፤ ይበላሉ፣ ይሰለቻሉ፣ ይኮራረፋሉ። ቤተሰብ የናፈቀው የ31 ዓመት አምበልና መጀመሪያ ጊዜ ከቤት የወጣ የ19 ዓመት ልጅ በአንድ ኮሪደር ይገናኛሉ። ስብስብ ሠሪው ያን ታላቅ ሲያስፈርም የመከላከል ችሎታውን ብቻ አይገዛም፤ ማታ ያንን ልጅ ጠርቶ «ና ሻይ እንጠጣ» የሚል ሰው ይገዛል። ከሦስት ሽንፈት በኋላ ቡድኑን የሚይዘው እሱ ነው። ይህ በማንኛውም የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አይወጣም። የሚታወቀው የቀድሞ የቡድን ጓደኞቹን፣ ወጌሻውን፣ የአውቶቡስ ሹፌሩን በመጠየቅ ነው። ጠይቆ የሚያስፈርምና ሳይጠይቅ የሚያስፈርም ክለብ ልዩነታቸው ሁለተኛው ዙር ላይ ይወጣል።

የድፍረት ፊርማም አለ። አርባ ምንጭ በአሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ እየተመራ በ2014 ወደ ሊጉ ሲመለስ ከካሪዮባንጊ ሻርክስ ኬንያዊውን ኤሪክ ካፓይቶን አምጥቷል። ካፓይቶ በቀደመው የውድድር ዘመን የኬንያ ፕሪሚየር ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። አዳጊ ክለብ የጎረቤት አገር ኮከብ ግብ አግቢ ማስፈረሙ ዜና ነው፤ እኔን የሚስበኝ ግን ከዜናው በስተጀርባ ያለው ሒሳብ ነው። በሌላ ሊግ የገባ ግብ በቀጥታ አይመነዘርም። ግቦቹ እንዴት ገቡ? ከተሻጋሪ ኳስ ነው ወይስ ከኋላ በሚላክ ረጅም ኳስ? ፍጹም ቅጣት ምቱስ ስንት ነው? የለመደው ኳስ አቀባይ ዓይነት እኛ ጋ አለ? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ ቁጥሩን ብቻ የገዛ ክለብ አጥቂውን ብቻውን ከሦስት ተከላካይ ጋር ትቶ «አላገባም» ይላል። ጥያቄዎቹን መልሶ የገዛ ግን አጥቂውን ከማስፈረሙ በፊት ኳስ የሚልክለትን ሰው ያስፈርማል።

መሳይ ተፈሪ ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበረም። ወላይታ ድቻን በ2009 የኢትዮጵያ ዋንጫ ባለቤት ያደረገው እሱ ነው። ያ ድቻ በትልልቅ ስሞች የተሞላ ስብስብ አልነበረም፤ በቀጣዩ ዓመት በሌላ አሰልጣኝ፣ በዘነበ ፍሥሐ፣ እየተመራ የግብፁን ዛማሌክን ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣው በዚሁ ዓይነት ስብስብ ነው። ከአርባ ምንጭ ከጥቂት ሰዓት በላይ በማይርቅ ከተማ የተሠራ ሥራ ነው። መሳይ ኋላ ብሔራዊ ቡድኑንም አሰልጥኗል።

ስለ ወንበሩ ሰዎች ሳልናገር ባልፍ ሥራውን ግማሽ ብቻ ማድነቅ ይሆናል። ወደ አሜሪካ ቅርጫት ኳስ እንመለስ። በ2010 እ.ኤ.አ. ክረምት ሌብሮን ጀምስና ክሪስ ቦሽ ነፃ ተጫዋቾች ሆነው ከድዋይን ዌድ ጋር ማያሚ ሂት ላይ ሲገናኙ ዓለም «ዋንጫው አለቀለት» አለ። በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ ላይ ተሸነፉ። የስብስብ ሥራው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስቱ ትልልቆች ገንዘቡን ስለወሰዱት ለሌላው የቀረው ጥቂት ነበር፤ በዚያ ጥቂት ሼን ባቲየርን፣ ቀጥሎም በ2012 እ.ኤ.አ. ሬይ አለንን አመጡ። አለን ወደ 37 ዓመት የተጠጋ፣ ቦስተን ያቀረበለትን የበለጠ ገንዘብ ትቶ የመጣ፣ ከወንበር የሚነሳ ተጫዋች ነበር። ሰኔ 18 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ሳን አንቶኒዮ ማያሚን በሦስት ነጥብ ሲመራ ሌብሮን ሳተ። ቦሽ የተመለሰችውን ኳስ ዘሎ ያዘ። አለን ፊቱን ወደ ኳሱ እንዳደረገ ወደ ኋላ እየረገጠ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጪ ወዳለችው ጠባብ ጥግ ወጣ፤ መስመሩን ቁልቁል አላየም። ተቀበለ፣ ወረወረ፣ 5.2 ሰከንድ ሲቀር እኩል ሆኑ። ማያሚ ያንንም ጨዋታ፣ ቀጥሎም ዋንጫውን ወሰደ። ከቀሪው ሳንቲም የተገዛ ሰው የትልልቆቹን ገንዘብ አተረፈ።

የእኛ ሊግም የራሱ አለን ያስፈልገዋል። ለአርባ ምንጭ ዓይነት ክለብ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለገብ ተጫዋች ነው። ቀኝም ግራም መስመር የሚከላከል፣ ሲጠሩት መሀል የሚገባ፣ አምስት ሳምንት ተቀምጦ በስድስተኛው ሲገባ ፊቱ ያልጠቆረ። የሦስት ቦታ ሰው በአንድ ደመወዝ ስለሚያዝ ለጠባብ በጀት ከኮከብ የማይተናነስ ዋጋ አለው። ፎቶው ሲወጣ ግን ማንም «ማን ነው ይሄ?» ከማለት አያልፍም።

ሌላው የቅርብ ሀብት የአካባቢው ልጅ ነው። የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሆኖ በ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ላይ የተሰለፈው ደጉ ደበበ ከአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ተነስቶ ነው ቅዱስ ጊዮርጊስ የገባው፤ በእግር ኳስ ዘመኑ መጨረሻ አካባቢ ወላይታ ድቻ ተጫውቷል። በዚህ አንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የገበያው ሙሉ ዙር አለ። ደቡብ ያበቀለውን አዲስ አበባ ይወስዳል፤ ልምድ ጠግቦ ሲመለስ ደግሞ ደቡብ ይቀበላል። ጎበዝ ስብስብ ሠሪ በሁለቱም ጫፍ ይቆማል። ከጋሞ ሜዳዎች የሚወጣውን የ18 ዓመት ልጅ ሌላው ሳያየው ያስፈርማል፤ ከትልቅ ክለብ ውሉ ያለቀውን ባለልምድ ደግሞ ሌላው «አርጅቷል» ሲለው ይጠራዋል። መሀል ያለውን፣ ዕድሜውም ዋጋውም ጫፍ ላይ የደረሰውን፣ ለባለገንዘቦች ይተወዋል። ይህ የድሃ ክለብ ምርጫ ቢመስልም ወጣቱ ከታላቁ የሚማርበት መንገድ ስለሆነ ሁለቱ ፊርማዎች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሥራ ተደምሮ አንድ ችግር አለበት፤ ውጤቱ በአንድ ዓመት አይታይም። የነባሩ መተዋወቅ፣ የተተኪው ዝግጅት፣ የታላቁ ጥላ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የሚያፈሩት። ክለቦቻችን ግን ሥራውን የጀመረውን አሰልጣኝ ጥር ላይ ያሰናብቱና አዲሱ ሲመጣ «እነዚህ የኔ ተጫዋቾች አይደሉም» ብሎ በክረምቱ እንደገና ከሀሁ ይጀምራል። የአንዱ ምርጫ ለሌላው ሸክም ይሆናል፤ የመጀመሪያው ሰው የገዛው ወርቅ በሁለተኛው ሰው አሰላለፍ ውስጥ ቦታ ያጣል። ምክንያቱም፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ ተጫዋቹን ዋጋ ያለው ያደረጉት አጠገቡ የታሰቡት ነበሩ።

መድን ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። በ2015 የውድድር ዘመን በሊጉ ሲጫወት አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር፤ በ2017 ዋንጫውን ሲያነሳም አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። በመካከሉ ያለው እያንዳንዱ ክረምት ያለፈውን ክረምት ቀጠለ እንጂ አላፈረሰም። የመድንን በጀት አርባ ምንጭ ላያገኝ ይችላል። ለአንድ ሰው ሁለት ክረምት በተከታታይ መስጠት ግን ሳንቲም አያስወጣም። ደጋፊውም ከአዲስ ፈራሚ ፎቶ በፊት የቀሩትን ስም ዝርዝር መጠየቅ ቢጀምር፣ ቦርዱም ሦስት ጨዋታ ከመቁጠር ይልቅ ስብስቡ ውስጥ ስንት ቦታ ላይ ተተኪ እንዳለ ቢቆጥር፣ አዞዎቹ ከመውጣትና ከመውረድ ለመላቀቅ ግማሹን መንገድ ሄደዋል።